ግድግዳው ላይ ያለው ስም፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው

ከጅማ ሕክምና ማዕከል በር ፊት ለፊት፣ አመሻሽ ላይ፣ ማዘዣ በእጁ የያዘ ሰው ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ማየት የዘወትር ነገር ነው። አንዱ ጋ "የለም" ይባላል፤ ሁለተኛው ጋ "ተመሳሳዩ አለ" ይባላል፤ ሦስተኛው ጋ ዋጋው ከኪሱ በላይ ይሆንበታል። በየመስኮቱ የማይለወጥ አንድ ቃል አለ፦ "ዶክተር"። ነጭ ጋዋን ለብሶ ከመስኮቱ ጀርባ የቆመ ሁሉ በከተማችን ዶክተር ነው። ከሰቃ ጨቆርሳ መጥተው ልጃቸውን ሆስፒታል ያስተኙ እናት "ዶክተርዬ፣ እስቲ ይሄን እየው" ብለው ወረቀቱን ሲዘረጉ፣ ወረቀቱን የሚቀበላቸው አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ፋርማሲስት ሊሆን ይችላል። ኮሌጅ ገብቶ የሠለጠነ የፋርማሲ ቴክኒሽያንም ሊሆን ይችላል። የባለቤቱ የእህት ልጅ ሊሆንም ይችላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጋዋን ለብሰዋል፤ ሦስቱም "ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ" ማለት ይችላሉ። እናትየው በምን ይለዩአቸው?

ሕጉ መልስ አለው። መልሱ ግን ከመስኮቱ በስተጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከመድኃኒት ካርቶን ኋላ ተሰቅሎ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ወረቀት ምን እንደሚል፣ ከየት እንደመጣና መስኮቱ ላይ ካለው ሰው ጋር እንዴት እንደተለያየ ነው። እኔ ራሴ እዚህ ጅማ ተምሬ በዚሁ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ሌላ ሰው ቤት አይደለም።

ሦስት ወረቀቶች

በደንብ የተደራጀ የመድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ ቢያንስ ሦስት ወረቀት መኖር አለበት። አንደኛው ንግድ ቢሮ የሚሰጠው የንግድ ፈቃድ ነው። እሱ የሚናገረው ስለ ባለቤቱና ስለ ግብሩ ነው፤ ስለ መድኃኒት ምንም አይናገርም። ሁለተኛው የጤና ተቆጣጣሪው አካል ለቤቱ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ነው። ክፍሉ ስፋቱ በቂ መሆኑን፣ መደርደሪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ የተቆለፈ ቁም ሳጥኑ መሟላቱንና ለደረጃው የሚመጥን ባለሙያ መመደቡን ይመሰክራል። ሦስተኛው የባለሙያው የራሱ የሙያ ፈቃድ ነው። የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስሙ፣ ሙያው፣ የምዝገባ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን አለበት።

ብዙ ሰው ሦስቱን አንድ ላይ ያያቸዋል፣ "ፈቃድ አለው" ብሎም ያልፋል። እኔ ግን ልዩነታቸው ላይ ልቆም እወዳለሁ። የንግድ ፈቃዱ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። የብቃት ማረጋገጫው ከቤቱ ጋር ይኖራል፤ ቤቱ ቦታ ከቀየረ እንደገና ይታያል። የሙያ ፈቃዱ ግን ከሰው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ያ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ወረቀት ስለማንም አይመሰክርም። የሁለተኛው ወረቀት ዋጋ ደግሞ በሦስተኛው ላይ የቆመ ነው፤ ቤቱ ብቁ ነው የተባለው ብቁ ሰው አለበት ተብሎ ስለሆነ።

ደረጃዎቹን በተመለከተ የቆየው አከፋፈል እስካሁን በሰው አፍ ላይ አለ። "ፋርማሲ" የሚባለው በፋርማሲስት የሚመራው ነው፤ "መድኃኒት መደብር" ወይም ሰዉ "ድራግ ስቶር" የሚለው በቀድሞው አጠራር ድራጊስት የሚባለው ዲፕሎማ ያለው ባለሙያ የሚመራው ነው፤ "የገጠር መድኃኒት ቤት" ደግሞ ከዚያ በታች የሠለጠነ ሰው ውስን የመድኃኒት ዓይነቶችን ይዞ የሚሠራበት ነው። ስያሜዎቹና ዝርዝሮቹ በየጊዜው በወጡ መመሪያዎች ተነካክተዋል። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ቤቱ መያዝ የሚችለው መድኃኒት በሚቆምበት ሰው እውቀት ልክ ነው።

ሕጉ የመጣበት መንገድ

የመድኃኒት ቁጥጥር በአገራችን መደበኛ የሕግ መሠረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ነው። ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጥቂት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር፤ በመላ አገሪቱ የነበሩ ፋርማሲስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ደንቡ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል አገለገለ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሕገ መንግሥት ተለወጠ፣ እሱ ግን ቆየ። በ1991 ዓ.ም. የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176 ወጥቶ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

ቀጥሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 661/2002 ሰፊ መረብ ዘረጋ። ምግቡንም፣ መድኃኒቱንም፣ የጤና ባለሙያውንም፣ የጤና ተቋሙንም በአንድ ባለሥልጣን ጥላ ሥር አስገባ። መድኃኒቱን የሚመዘግበውና መድኃኒቱን የሚያድለውን ሰው የሚመዘግበው አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህንን ፈታው። የዛሬው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዕቃው ላይ አተኮረ፤ በምግብ፣ በመድኃኒት፣ በሕክምና መሣሪያ፣ በመዋቢያና በትምባሆ ላይ። ባለሙያውና ተቋሙ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ወደ ክልሎች ተመለሱ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ጸድቆ የባለሙያና የተቋም ቁጥጥር የራሱን ሕግ አገኘ።

ለጅማ ይህ ምን ማለት ነው? እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ በሚባለው ሰፈራችን ባለ አንድ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው አሞክሳሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ አገር ውስጥ መግባት የሚችል መሆኑን የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል ባለሥልጣን ነው። መድኃኒት ቤቱን ራሱን የሚያየው የክልሉ ጤና ቢሮ በከተማና በወረዳ በዘረጋው መዋቅር በኩል ነው። ባለሙያውን የሚመዘግበውም የጤናው ዘርፍ ነው። ባለቤቱን የሚያውቀው ደግሞ ንግድ ቢሮ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን መዝገብ ይዟል፤ መዝገቦቹ እርስ በርስ የሚገናኙት ግን በአብዛኛው ሰው ፋይል ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ነው። አንድ ፋርማሲስት ሥራ ሲለቅ ባለቤቱ ለጤና ቢሮ ካላሳወቀ፣ ወይም ባለሙያው መልቀቂያውን ይዞ ሌላ ከተማ እስኪታይ ድረስ፣ ስሙ ጅማ ላይ እየሠራ ይቆያል። ችግሩን ያመጣው የአዋጅ እጥረት እንዳልሆነ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ሰው በሌለበት የሰው ስም እንዲሠራ አልፈቀደም፤ ስሙ መቅረቱን ቶሎ የሚያይ ዓይን ግን አልተበጀም።

ስሙ እንዴት ይገኛል

ፋርማሲስት ለመሆን አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መማር ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ ጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. የጀመረውና ደረጃ በደረጃ ሙያዎችን እያካተተ የሄደ የብቃት ምዘና ፈተና አለ። ያንን ያለፈ ሰው ይመዘገባል፣ ፈቃድ ያገኛል፣ ፈቃዱንም በየጊዜው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን እያሳየ ያሳድሳል።

የፋርማሲ ቴክኒሽያን መንገድ ሌላ ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ውስጥ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ገብቶ እስከ ደረጃ አራት ይሠለጥናል፤ ከዚያ ሁሉም "ሲኦሲ" የሚለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይፈተናል። ካለፈ እሱም ይመዘገባል፣ እሱም ፈቃድ አለው። ይህንን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዉም በራሳችን በባለሙያዎቹም አፍ ቴክኒሽያን ማለት "ያልተማረ" ማለት እየሆነ መጥቷል። ቴክኒሽያን የተመዘገበ ባለሙያ ነው፤ የሥራ ወሰኑ የተለየ ነው እንጂ። ክምችት መያዝ፣ በማዘዣው መሠረት ማዘጋጀት፣ መለጠፊያ መጻፍ፣ ቀላሉን ምክር መስጠት ሥራው ነው። የአንድ የኩላሊት ሕመምተኛ መጠን መስተካከል ያለበት መሆኑን መወሰን፣ ወይም ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞል ሲታዘዝለት ደሙ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ደግሞ የፋርማሲስቱ ሥራ ነው። ወሰኑ የተሠመረው ለታማሚው ነው።

በዚህ ነገር ጅማ የኋላ ከተማ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲዋ ፋርማሲስት ያስመርቃል፤ በክሊኒካል ፋርማሲ የማስተርስ ትምህርት በአገሪቱ ቀድሞ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 እዚሁ ነው፤ የመድኃኒት ጥራት የሚፈተሽበት ላቦራቶሪም አለው። በሆስፒታሉ ክፍሎች ፋርማሲስቶች ከሐኪሞች ጋር አልጋ በአልጋ እየዞሩ የመድኃኒት መጠን ሲከራከሩ ያየ ሰው፣ ከበሩ ውጭ አሥር እርምጃ ርቆ ያለው መስኮት ለምን ባዶ ስም እንደተንጠለጠለበት ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የተከራየ ፈቃድ

ተመርቄ ሥራ በምፈልግበት ጊዜ፣ ከጅማ ውጭ ባለ አንድ ከተማ የመድኃኒት ቤት መክፈት የፈለገ ሰው ደወለልኝ። ስልኬን ከማን እንዳገኘው አልነገረኝም። ያቀረበው ነገር አጭር ነበር፦ "መምጣት አይጠበቅብህም። ወረቀትህን ብቻ ስጠኝ፤ በየወሩ አስገባልሃለሁ። ቁጥጥር ሲመጣ እደውልልሃለሁ፤ ያን ቀን ብቻ ብቅ ትላለህ።" የሚከፍለውን ሲነግረኝ ዝም አልኩ። ገንዘቡ በመንግሥት ቤት ተቀጥሬ ከማገኘው ብዙም አይርቅም ነበር፤ ቤት ተቀምጬ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ እምቢ አልኩት። አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛዬ ግን ለሌላ ሰው እሺ አለ።

ጓደኛዬ ስሙ ባለበት ከተማ አይኖርም ነበር። ከወራት በኋላ ስልክ ተደወለለት። አንድ ሕፃን በዱቄት የተሰጠውን የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ቤተሰቡ በተነገረው መሠረት በርዞ ሲሰጠው ቆይቷል። የውሃው መጠን የተሳሳተ ነበር፤ የማንኪያው ልክም እንደዚሁ። ልጁ ደግነቱ ተረፈ። የልጁ አባት መድኃኒት ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን አንብቦ "ይሄ ሰው የታለ?" ብሎ ጠየቀ። የተጻፈው የጓደኛዬ ስም ነው፤ ሽሮፑን የሰጠችው ግን ምንም ሥልጠና ያልወሰደች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ጓደኛዬ "እኔ አልነበርኩም" ለማለት አፉን ቢከፍት ያ ራሱ ጥፋቱ ነው። እስከ ዛሬ የዚያን አባት ድምፅ ይሰማዋል፤ እሱ ሲነግረኝ እኔም እየሰማሁት ነው።

በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህንን "ፈቃድ ማከራየት" እንለዋለን። አባባሉ ራሱ ያሳስታል። ቤት ሲከራይ ቤቱ ለተከራዩ ያገለግላል። ፈቃድ ሲከራይ ግን ለተከራዩ የሚደርሰው እውቀት የለም፤ የሚደርሰው ስም ብቻ ነው። ታማሚው የሚከፍለው ለእውቀቱ ነው፤ የሚደርሰው ግን ስሙ ብቻ ነው።

ለምን ይሆናል? አንዱ ምክንያት ደመወዝ ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ በመላ አገሪቱ ጎልቶ ሲነሳ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የቤት ኪራይ መክፈል እንዳቃተው ሁሉም ሰምቷል። ሆስፒታል ውስጥ ሙሉ ቀን የሠራ ፋርማሲስት ማታ ስሙን ሸጦ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ሲሞላ፣ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ድንጋይ አልወረውርበትም። ነገር ግን ሌላው ግማሽ እዚያው አጠገቡ አለ። ከዩኒቨርሲቲና ከግል ኮሌጆች ተመርቀው፣ ፈተና አልፈው፣ ፈቃድ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። ሰው ጠፍቶ አይደለም ማለት ነው። ባለቤቱ ሰው መቅጠር አይፈልግም፤ ሰው በሙሉ ሰዓት መቅጠር ስም ከመከራየት ይበልጥ ያስወጣዋልና። በየወሩ ጥቂት ብር የሚላክለት ሩቅ ያለ ስም፣ በአካል የሚገኝ ፈቃድ ያለውን ወጣት ሥራ ያሳጣዋል። ፈቃዱን የሚያከራይ ሰው የሚጎዳው ታማሚውን ብቻ አይደለም፤ ታናሽ ወንድሙንም ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቁጥጥሩ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ይመጣል። ጅማ ውስጥ ግን መድኃኒት ቤት ሰው የሚበዛበት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከሥራ የወጣው፣ ከገበያ የተመለሰው፣ ከሆስፒታል ማዘዣ የያዘው በዚያ ሰዓት ይመጣል። በሥራ ሰዓት የሌለ ሰው "ለሻይ ወጥቷል" ይባልለታል፣ በስልክ ተጠርቶም ይደርሳል። ማታ የሌለውን ሰው ግን የሚጠይቅ የለም።

ማዘዣ የሌለው ክኒን

ባለሙያ የሌለበት መስኮት ምን እንደሚሸጥ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። "አንድ ስትሪፕ አሞክሳሲሊን" ይባላል፤ ይሰጣል። "ሲፕሮ አለ?" ይባላል፤ ይሰጣል። ሰዉ "ቴትራ" የሚለው ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡር ሴትና ለትንሽ ልጅ መሰጠት እንደሌለበት ማንም አይነግርም። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚጠይቅ ወጣት ለምን እንደሚፈልገው አይጠየቅም። ዴክሳሜታሶን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለመወፈር ብላ የምትገዛ ልጅ ድንገት ስታቆመው ሰውነቷ ምን እንደሚሆን የሚያስጠነቅቃት የለም። ሁሉም በማዘዣ ብቻ መሰጠት ያለባቸው መድኃኒቶች ናቸው። አንቲባዮቲክ እንዲህ ሲበተን ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ነገ ያው ልጅ በእውነት ታሞ ሆስፒታል ሲገባ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ አይሠራለትም። እዚህ ላይ የምዝገባ ሥርዓቱ ለመጪው ትውልድ መድኃኒት መቆጠብ ሆኖ ያርፋል።

ስለ ወባ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አካባቢ ወባ የዳር ወሬ አይደለችምና። ከጊልጌል ጊቤ ዙሪያና ከቆላው ቀበሌዎች በሽተኛ ይመጣል። በ2016 እና በ2017 ወባ በኦሮሚያ ዳግም ስታገረሽ ሁላችንም አይተናል። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ። ከቅባት ምግብ ወይም ከወተት ጋር ቢወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። የጅማ ሰው ወተት አያጣም፤ "በወተት ውሰዱት" ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙ ይጠቅማል። ያው ወተት ግን ከቴትራሳይክሊን ጋር ሲሆን መድኃኒቱን አስሮ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ሁለቱን የማይለይ ሰው "በወተት ይሻላል" የሚለውን ለሁሉም ይናገረዋል።

ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ተሐዋሲው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። እሱን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን ይሰጣል። ሰው ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ሲጠፋ "ዳንኩ" ብሎ ያቆመዋል፤ ከወር በኋላም ይመለስበታል። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በደማቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎችንም ቀይ የደም ሴላቸውን ሊያፈርስባቸው ይችላል። ስለዚህ የሚሰጠው ሰው "እርጉዝ ነሽ?"፣ "ሽንትሽ ቢጠቁር ቶሎ ተመለሺ" ማለት አለበት። ይህንን ደግሞ ባለገጠሯ በምትሰማው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ማለት አለበት። መለጠፊያው ላይ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈው ለማታነብ ሴት ምንም አይደለም። ጅማ ላይ የአንድ መድኃኒት ቤት ባለሙያ ብቃት ግማሹ ጆሮና ምላስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረዳ ላይ ያለው ቴክኒሽያን

ከከተማ ወጥተን ወደ ደዶ፣ ወደ ቀርሳ ወይም ወደ ሊሙ ስንሄድ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። እዚያ ጤና ጣቢያው ውስጥ የመድኃኒት መስኮቱን የያዘው ብዙ ጊዜ አንድ ቴክኒሽያን ነው። የሚቆጣጠረው ፋርማሲስት ከተማ ነው ያለው፤ አንዳንዴም የለም። ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ የጅማ ቅርንጫፍ የመጣውን ካርቶን ይቀበላል፣ ይቆጥራል፣ ቢን ካርድ የሚባለውን የክምችት መመዝገቢያ ይሞላል፣ ጊዜው ያለፈበትን ይለያል፣ ያድላል፣ ያስረዳል፤ ሪፖርትም ይጽፋል። በሕግ ከወሰኑ አልፎ የሚሠራው ፈልጎት ላይሆን ይችላል፤ መስኮቱን ዘግቶ "ፋርማሲስት የለም" ቢል ግን ሰው ያለ መድኃኒት ይመለሳል።

ለዚህ ሰው የምንሰጠው ክብር አነስተኛ ነው። የከተማው ሰው ስለ ፈቃድ ሲያወራ ቴክኒሽያኑን በጥርጣሬ ያየዋል፤ ፋርማሲስቱ ደግሞ "ሥራችንን ወሰዱብን" ይላል። የእኔ አስተያየት ተቃራኒ ነው። ወረዳ ላይ በራሱ ስም፣ በራሱ ፈቃድ፣ በየቀኑ በአካል ቆሞ የሚሠራ ቴክኒሽያን፣ ከተማ ውስጥ ስሙ ብቻ ከሚሠራለት ፋርማሲስት ይልቅ ሕጉን ያከብራል። የሚያስፈልገው ወሰኑ በግልጽ ቋንቋ ተጽፎ እጁ ላይ እንዲሰጠው ነው፦ የትኛውን ብቻውን ይስጥ፣ የትኛውን ደውሎ አማክሮ ይስጥ፣ የትኛውን ለሐኪም ይመልስ። የሚደውልለት ፋርማሲስት ስምና ስልክም አብሮ ይሰጠው። በየጤና ጣቢያው ፋርማሲስት መመደብ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ስልክ የሚያነሳ ፋርማሲስት ለአምስት ጤና ጣቢያ መመደብ ግን ያን ያህል አይከብድም።

በሌላ አገር ያለው መዝገብ

እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ውስጥ ፋርማሲስትን፣ የፋርማሲ ቴክኒሽያንን እና ፋርማሲውን ራሱን የሚመዘግበው አንድ አካል ነው፤ ጀነራል ፋርማሲዩቲካል ካውንስል ይባላል፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከእ.ኤ.አ. 2011 አጋማሽ ጀምሮ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን የፋርማሲ ቴክኒሽያን ብሎ መጥራት አይችልም። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ስም ጽፎ ሰውዬው የተመዘገበ መሆኑንና ቅጣት ያለበት መሆን አለመሆኑን ያያል።

የበለጠ የሳበኝ ግን ሌላ ነው። በየፋርማሲው በዚያ ሰዓት ኃላፊነቱን የያዘው ፋርማሲስት ስምና የምዝገባ ቁጥር የተጻፈበት ማስታወቂያ ደንበኛ በሚያየው ቦታ መሰቀል አለበት፤ ተረኛው ሲቀየር ስሙም ይቀየራል። የእኛ ግድግዳ የሚናገረው ባለፈው ዓመት ቤቱ ሲከፈት የተመደበውን ሰው ነው። የእነሱ ማስታወቂያ የሚናገረው አሁን፣ በዚህ ሰዓት ያለውን ሰው ነው። ይህ ሀብት የሚጠይቅ ልዩነት አይደለም፤ እስክሪብቶ ይበቃዋል።

ጅማ ምን ታድርግ

አዲስ አዋጅ መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የመድኃኒት ቤቶቹን ዝርዝርና የተመደቡትን ባለሙያዎች ስም አስቀድሞ በእጁ ይዟል። ያንን ዝርዝር በወረቀት አትሞ በሆስፒታሉ በር፣ በሸነን ጊቤ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች ሰሌዳ ላይ ቢለጥፈው፣ ማንም አንባቢ ልጅ ለእናቱ ያነብላታል። ስም ለሁለት ቤት የተሰጠ ከሆነም እዚያው ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ ጎረቤት ባለሙያ ያየዋል፣ ይናገራል። ቁጥጥሩ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይምጣ። ቅጣቱ በባለሙያው ላይ ብቻ አይውደቅ፤ ያለ ባለሙያ የሚሸጠው ባለቤትም የብቃት ማረጋገጫው ይታገድበት። እስካሁን ባለው ልማድ ባለሙያው ፈቃዱን ሲነጠቅ ባለቤቱ ሌላ ስም ተከራይቶ በሳምንቱ ሲከፍት አይተናል።

ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በሚለው መርሑ ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ እንደሚልክ የታወቀ ነው። አንዱን የመስክ ጊዜ ለከተማው መድኃኒት ቤቶች ቢሰጥስ? ተማሪው የሚቆጥረው የክኒን ክምችት ብቻ አይሁን፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስምና መስኮቱ ላይ ያለው ሰው በስንቱ ቤት እንደሚገጥሙም ይቁጠር። ውጤቱን ማንንም ሳይጠራ ለከተማው ያቅርብ። ያን የቆጠረ ተማሪ ሲመረቅ ስልክ ቢደወልለት ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ያስባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። በሙያ ፈቃዱ ቅጂ ላይ፣ ካርቶን በማይሸፍነው ቦታ፣ የባለሙያው ፊት በግልጽ የሚታይበት ትልቅ ፎቶ ከስሙ አጠገብ ይለጠፍ፤ በደረቱም ስሙና ሙያው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈበት ባጅ ይንጠልጠል። ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ ፎቶ ከፊት ጋር ማስተያየት ይችላሉ። ፈረንጅ አራዳ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ያ ፎቶ የሚያስወጣው ከአንድ ስትሪፕ አንቲባዮቲክ ብዙም አይበልጥም።